ከማሳው ዳር የተከመረ አበባ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ጾሙ አልከበደሽም? እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከነብርዱም ቢሆን ደህና ነን። ሩሐማ በቁመት በልጣኛለች። እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ አድርገሽ ያሳደግሽልኝ አንቺ ነሽ።

አንቺን «እማዬ» እያለች አድጋ እኔን በስሜ እንደምትጠራኝ ታውቂያለሽ። እዚህ ከመጣች ወዲህም ያው «ዕፀገነት» ነኝ። ምን ታድርግ፣ ዳዴ ስትል ነው የተለየኋት። ግን እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ያቺን ቃል ከአፏ ለመስማት ጆሮዬ ቆሞ ነው የከረመው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሮተርዳም በባቡር ወጥተን ገበሬዎቹ ቱሊፕ የሚሉትን አበባ በዓል ወደሚያከብሩበት መንደር ሄድን። አቤት ቀለም! ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሐምራዊው፣ ዓይን እስኪደክም ተዘርግቷል። ከአንዱ ማሳ ዳር ደግሞ የተቀነጠሰ አበባ ተከምሮ አየሁ። ለፋሲካ ቤተክርስቲያን የምንጎዘጉዘው ቄጤማ እዚህ እንደልብ አይገኝም። ይሄማ የእግዜር ስጦታ ነው ብዬ ፌስታሌን አውጥቼ መሙላት ጀመርኩ። ሩሐማ በሐፍረት ልትሞት ደረሰች። ተይ፣ የሰው ንብረት ነው ብትለኝ መቼ ሰምቼ!

ገበሬው እየተንደረደረ መጣ። እኔ ክው አልኩ፣ የማውቀው የአገሩ ቋንቋ፣ ደቹ ሁሉ ጠፋኝ። ከኋላዬ የነበረችው ሩሐማ ግን መሀላችን ገብታ ቆመችና «ማይን ሙደር» ብላ ጀመረች። «እናቴ» ማለቷ ነው። እናቴ ለቤተክርስቲያን ፈልጋው ነው፣ በአገራችን ለበዓል ወለል ላይ ይጎዘጎዛል ብላ አስረዳችው። ሰውዬው ሳቀ። ከአፈር በታች ያለው ሥሩ እንዲወፍር ብለን ነው የምንቀነጥሰው፣ አበባውማ ይጣላል፣ ውሰዱ አለና ጆንያ ጨመረልን። እኔ እንባዬ እንዳይታይ ክምሩ ላይ እንዳጎነበስኩ ቀረሁ።

ስንመለስ ባቡር ላይ «ዕፀገነት፣ ጆንያው እግሬ ላይ ነው» አለችኝ። አልከፋኝም፣ እንዲያውም ሳቄ መጣ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትደውልልሽ «እማዬ» ባለችሽ ቁጥር፣ እኔ እንዳይከፋኝ ብለሽ «አክስትሽ ነኝ» እያልሽ እንደምታርሚያት ነግራኛለች። ተይ እትዬ። ለፋሲካም ስትደውል እንዳትከለክያት። የአማርኛው ያንቺ ነው፣ ደክመሽበታል። ለእኔ የደቹ ይበቃኛል።

ፋሲካውን በደስታ ያሳልፍልሽ፣ ጉልበትሽን ያበርታልኝ።

ታናሽ እህትሽ፣
የልጅሽ እናት