ባትሪው የማይወጣ ስልክ

ሐሙስ
ስልኩ እጄ ላይ ጠፋ! የእድራችንን አባላት ገና ግማሹን እንኳ ሳልጠራ። መብራትም የለም። የጎረቤታችን የአቶ ደምሴ ቀብር ስድስት ሰዓት ነው። ድሮ ጡሩንባ ነፍቼ ነበር የምለፍፈው፤ "እንዘምን" ብለው በስልክ አደረጉት። በር ለበር ሮጥኩ፤ የታች ሰፈሮቹ ግን ሥራ ወጥተዋል። ጎረቤታቸውን ሳይቀብሩ ቀሩ። ውርደት!

ከቀብር መልስ ሊቀመንበሩ ወልዴ ያዘኝ። "ጋሽ ተካ፣ አይቀየሙኝ። እሁድ በስብሰባው ልፈፋውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን። ደክመዋል።"

እኔ አልደከምኩም። የደከመው ባትሪው ነው።

ዓርብ
አየር ጤና፣ ስልኩን የገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ባትሪ ቀይርልኝ አልኩት ሻጩን።

"አባባ፣ የዚህ ጀርባው አይከፈትም፣ በሙጫ የታሸገ ነው። አዲስ ይግዙ፤ ካሜራው እንዴት እንደሚያምር!"

"ካሜራ ማን ጠየቀህ? እኔ ሰው ለቀብር ነው የምጠራው!"

ሱቁ በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅሁም። ድንጋይ ጨረሰ ተብሎ ሬዲዮ ይጣላል?

ከሱቁ ጎን ያለችው ስልክ ጠጋኝ፣ ሰናይት ትባላለች፣ ጀርባውን አሙቃ ፈለቀቀችው። ባትሪው እንደ ዳቦ ተነፍቷል! "እንኳን አልፈነዳብዎ" አለች። ምትኩ ግን የላትም።

"ሱቆቹ ለምን አያስመጡም?" አልኳት።

"ሰው ስለማይጠይቅ ነዋ፣ አባባ።"

ሰው ስለማይጠይቅ! ልቤ እየዘለለ ወደ ቤት መጣሁ።

ቅዳሜ
ሻጩ ምን ዓይነት ስልክ እንዲያስመጣ እንደሚፈልጉ እየጠየቅኩ ቤት ለቤት ዞርኩ። የሁሉም ችግር ያው! አንዱ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይቆይ ይላል፤ አንዷ ጀርባው በጥፍር ይከፈት ትላለች፤ ሌላው፣ ስልኩ ቢወፍርም ግድ የለኝም ይላል። መለዋወጫው ከስልኩ ጋር ይምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ጉልበቴ ያመኛል። ግን አልቀመጥም።

እሁድ
ወልዴ የእኔን ጉዳይ አስቀደመ። ሌላ ሰው ሊያስመርጥ ሲል የታች ሰፈሯ ወይዘሮ አስካለ ብድግ አለች።

"ቀብር የቀረሁት እኔ ነኝ! ግን በዚያ ጠዋት የእኔም ስልክ ዝግ ነበር። ጋሼ ቢደውሉስ ማን ያነሳ ነበር?"

"የእኔም!" "የእኔማ ዛሬም ከነጋ ጠፍቷል!" የተሰበሰብንበት የእድሩ ድንኳን ተናወጠ። ወልዴ ራሱ ስልኩን ከኪሱ ቢያወጣ ጥቁር። እንዲህ ተስቆ አያውቅም!

ልፈፋው በእኔ ጸና። ነገ ደግሞ እኔ መሪ ሆኜ እድሩ ተሰብስቦ ወደ ሱቁ ይሄዳል፦ ሻጩ ባትሪ ካላስመጣ ከእንግዲህ ከእሱ ስልክ አንገዛም።

ምን እንደሚመልስ እንጃ። ዝም ካለን በረንዳው ላይ ቁጭ እንላለን። መቀመጥ እንደሆነ ለቅሶ ቤት የለመድን ሰዎች ነን።