ወንበር ያቀረብኩላቸው ሽማግሌ

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ዛሬ ከምሳ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ፒዮሪያ ስትሪት ያለው አፓርታማችን መጡ። የላከቻቸው ጓደኛዬ አልማዝ ናት። አምና ልጇን ወታደር በሚይዘው ዓይነት ጠመንጃ ገደሉባት። ባሌ ተሾመ ቶርንተን ከተማ ውስጥ የጠመንጃ ሱቅ አለው። ያ ጠመንጃ ከእሱ አልተገዛም፣ ግን እሱም ያንኑ ዓይነት ይሸጣል።

«ሕግ እንደማያስገድድህ እናውቃለን። በራስህ ፈቃድ ያንን አንዱን ዓይነት ብቻ ተወው» አሉት ከሦስቱ አንዱ ጋሽ ወርቁ። «እሺ ሳትለን አንቀመጥም።»

ተሾመ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ ኳሱን ማየት ቀጠለ። «ቤቱ የእናንተ ነው፣ ቁሙ። እኔ ብተው ጎረቤቴ ይሸጠዋል። ለአልማዝ ግን ትንሽ ሽጉጥ በዲስካውንት እሰጣታለሁ በሏት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌዎቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሙ። የጋሽ ወርቁ ኦፕሬሽን የተደረገው ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ሳይ አንጀቴ አልቻለም፤ ወንበር ከኋላቸው አስጠጋሁላቸው። እሳቸውም ሳያስቡት ዘጭ አሉበት።

ተሾመ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ተቀመጡ! በቃ፣ ሽምግልናው አለቀ! ጎበዝ፣ የኔ ሚስት!»

ጋሽ ወርቁ ቀና ብለው አዩኝ። ላነሣቸው እጄን ብዘረጋ ትተውኝ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡና ከሌሎቹ ጋር ወጡ።

ተሾመ እስከ እራት ድረስ ሲስቅ ነበር። አልማዝ ሁለት ጊዜ ደውላለች። አላነሣሁላትም...