ከግራ ጎኔ የተወሰደው ጆሮ

ጅማ፣ ኅዳር 1976 ዓ.ም.

ውድ መንበረ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔማ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ስጽፍ እንኳ እነሣለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። ጎረቤታችን ደሬሳ፣ «ማሎ፣ እባክህ ጣሰው፣ ቁጭ በል! ወለሉን ጨረስከው እኮ» እያለ ይቆጣኛል።

ያቺ ቀኝ ጆሮዬ ላይ፣ የልጅነት ቃጠሎዬ ጠባሳ ላይ ያየሻት ቁስል ትዝ ትልሻለች? «ሐኪም ይያት» ብለሽኝ ነበር። አንቺ በዝውውር ደብረ ማርቆስ ከሄድሽ በኋላ ባሰባት። አዲስ አበባ ሄጄ የቆዳ ካንሰር ነው አሉኝና ጆሮዬን ቆረጡት። ደብዳቤሽ ስለቆመ አኩርፌ አልነገርኩሽም። ሰፈራችን ሰቶ ሰመሮ ጆሮ ጠቢ ሞልቶበት እኔ ጆሮ ይጥፋብኝ? ይህን ከፍቶ የሚያነብ ካለም ይሳቅ።

ቁስሉ ደርቆ በሽታው አለመመለሱ ሲታወቅ ከእማዬ ጋር ተመልሰን ሄድን። ዶክተሩ፣ «እናቴ፣ አዲሱን ጆሮ የምንሠራለት ከግራ ጎኑ ወስደን ነው» አላት።

እማዬ ደረቷን መታች። «ውይ በሞትኩት! እሷማ ደብረ ማርቆስ ናት! አስተማሪ ናት፣ ማን ፈቃድ ይሰጣታል? ደግሞስ እሺ ትላለች?»

ነርሶቹ በሳቅ ፈረሱ። ዶክተሩ የጎድን አጥንቴን እየነካ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ለስላሳ አጥንት ማለቱ እንደሆነ አስረዳት። እኔ ግን «እሺ ትላለች?» ያለችው አንጀቴን በላው። ግራ ጎኔ ብዬ ከጠራሁሽ ስንት ጊዜ ሆነኝ?

አሁን ጆሮ የሚመስል ነገር ጭንቅላቴ ላይ ተለጥፏል። ስነካው አይሰማኝም። የተሰፋው ጎኔ ግን በተነፈስኩ ቁጥር ይወጋኛል።

በጥር ከጭንቅላቴ አላቀው ያቆሙታል። «አስታማሚ ይዘህ ና» ተብያለሁ። እማዬ ጉልበቷ ከድቷታል፣ መንገዱን አትችለውም። ስንሰናበት ግን ለዶክተሩ ምን አለችው መሰለሽ? «ለጥር ቀጠሮው አይስጉ፣ ግራ ጎኑ ራሷ ይዛው ትመጣለች።» አንቺን ሳትጠይቅ!

እኔ ግን ልጠይቅሽ። መንበረ፣ አሁንም ግራ ጎኔ ነሽ? ወይስ የቀረኝ ይኸው የተሰፋው ብቻ ነው? እንቢም ካልሽ ቁርጤን ልወቀው፣ እንዲህ ስንቆራጠጥ አልክረም።

ባትመጪም ጻፊልኝ። ግን ነይ።

ያንቺው ጣሰው