ሁለት ክንድ፣ ግማሽ ክኒን

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ፣ ሸሕዲ

ዛሬም ወባ የለብሽም ተባልኩ። ጣቴን ስወጋ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ትኩሳት አለ፤ አንገቴን ይዞ ወደ ጆሮዬ የሚወጣ ሕመም አለ። ክብደቴም ቀንሷል። የተመዘንኩት በመጋዘኔ የሰሊጥ ሚዛን ነው፤ እሱ አይዋሽም።

ከሁሉ የባሰብኝ ግራ እጄ። ግራኝ ነኝ፤ ሥራዬ ሁሉ በእሱ ነው። የምገዛውን ሰሊጥ ናሙና ከጆንያ የማወጣበትን መውጊያ ብረት ይዤ አምስት ጆንያ ስወጋ ይዝላል። አጠገቤ መጋዘን ያለው ነጋዴ አያ ደሴ አይቶኝ «ምነው እቴ፣ ሰሊጡ ከበደሽ ወይስ ሀብቱ?» አለኝ። ሳቅሁለት።

በሽታው አዲስ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ጎንደር ላይ ታካያሱ የሚባል በሽታ ነው አሉኝ። ከልብ የሚወጡት ትልልቅ ደም ሥሮች ግድግዳቸው ይቆጣል፣ ከዚያ ይጠብባሉ። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ክኒን ስውጥ ተኝቶልኝ ነበር።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው። ከመስከረም ጀምሮ የምውጠው ግማሹን ነው። ነሐሴ ላይ የደም ስቤ፣ ኮሌስትሮሉ፣ ተበላሽቶ ተገኘ፤ ፊቴም ተነፍቶ ነበር። ጥፋቱ የክኒኑ ነው ብዬ ራሴው ፈረድኩና በምላጭ ለሁለት መቁረጥ ጀመርኩ። ዘይትም ተውኩ። ሰሊጥ ላይ ተቀምጬ ሽሮ ያለ ዘይት።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ አዲስ ናት፣ አታውቀኝም። ግራ ክንዴን ለክታ «የደም ግፊት የለብሽም፣ እንዲያውም ዝቅ ብሏል» አለችኝ።

«ቀኙንም ለኪልኝ።»

«አንድ ሰው ስንት ግፊት አለው?» ብላ ሳቀች።

«እኔ ጆንያ ባንድ ጎን ብቻ ወግቼ ገዝቼ አላውቅም፣ እህቴ።»

ለካች። ደግማ ለካች። የቀኙ በጣም ከፍ ያለ ነው። የግራ አንጓዬን በጣቷ ብትፈልግ የደም ምቱን አጣችው። ወዲያው ወደ ጎንደር የምሄድበትን ወረቀት ጻፈችልኝ።

ነገ ደግሞ ከኮኪት ሁለት መኪና ሰሊጥ ይገባል። አያ ደሴን ተረከብልኝ አልኩት።

«አምነሽኝ ነው?»

«አላምንህም። ሁለቱንም ጎን ውጋ።»

ኅዳር 4፣ ሐሙስ፣ ጎንደር

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሾፌሩ አጣርቼ ተሳፈርኩ። ደህና ገባሁ። ብርዱ ግን! ነገ ለምርመራ ደም የምሰጠው በባዶ ሆድ ነው። መጾሙ አይከብደኝም። የሚከብደኝ ሌላ ነው፤ ዶክተሯ ስለ ክኒኑ ትጠይቀኛለች። «በትክክል እየዋጥኩ ነው» እላለሁ። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው መጣሁ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ጠዋት ደም ሰጠሁ፤ ከሰዓት ውጤቱ ደረሰ። መልካሙ ስብ ወርዷል፣ መጥፎው ወጥቷል። በደሜ ውስጥ የሚታየው የደም ሥር ቁጣ ምልክትም ከፍ ብሏል።

«ዘይት እኮ ትቻለሁ» አልኳት።

«ስቡ ከምግብ ብቻ አይመጣም» አለች ዶክተሯ። «ክኒኑም ሊያዛባው ይችላል። ግን ደም ሥር ሲቆጣም መልካሙ ስብ ይወርዳል። ስቡ ብቻውን አይመሰክርም፤ ከቁጣው ምልክትና ከእጅዎ ጋር ሳየው ግን በሽታው ነቅቷል። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እየዋጡ ነው?»

«አዎ።» ውሸቱ ሳይደናቀፍ ወጣልኝ።

«እንግዲያው መጠኑ አልሠራም ማለት ነው። ጠንከር ያለ ሌላ መድኃኒት ልጨምር ነው፤ ጉበትዎንም እየተከታተልን።» መጻፍ ጀመረች።

ብዕሯን እያየሁ ኮኪት ያለ አንድ የድሮ ሻጭ ትዝ አለኝ፤ ከላይ ጥሩ ሰሊጥ ከግርጌ አሸዋ አድርጎ የሚሰፋው። እንዲህ ያለውን ሰው ሁለተኛ ደጄ አላስደርሰውም። እኔ አሁን እሱን ሆኛለሁ። እሱ እንኳ የሚያታልለው ሌላ ሰው ነው።

«ዶክተር፣ ዋሽቻለሁ። ግማሹን ነው የምውጠው።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስከረም።»

ተቆጥታ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። «እንኳን ነገሩኝ» አለች። «መድኃኒቱ አቅቶት አይደለም፤ ግማሹ ስላልተዋጠ ነው። የማያስፈልግዎትን ላሸክምዎ ነበር።»

አዲሱን የጻፈችውን ቀደደችው። ፕሬድኒሶሎኑ በሙሉ መጠን፤ የሚቀንሰው ሐኪም እንጂ እኔ አይደለሁም። ለስቡ የሚዋጥ ሌላ ክኒን። ለግፊቱም። ዘይት በልክ ይፈቀዳል። ግፊት ሁልጊዜ በሁለቱም ክንድ። የደም ሥሬንም ፎቶ አንስተውታል፤ ወደ ግራ ክንዴ የሚሄደው በጣም ጠብቧል።

ኅዳር 8፣ ሰኞ፣ ሸሕዲ

አያ ደሴ ሦስት ጆንያ ለብቻ አቁሞ ጠበቀኝ። «ካንዱ ጎን ወተት የመሰለ ሰሊጥ። ካንዱ ጎን አሸዋ። አላምንህም ስትይኝ ግን ከፍቶኝ ነበር።»

«እኔም ራሴን ማመን ትቻለሁ፤ አይክፋህ» አልኩትና የክኒኑን ነገር ነገርኩት።

«በምላጭ? አንቺ እኮ ግራም ሰሊጥ የማይጎድልብሽ ሰው!» አለና ሲስቅ ዋለ። ይሳቅ።

በቀኝ እጄ መውጋት ጀመርኩ። ብረቱ ይጣመምብኛል፣ ግን ይገባል። የግራ አንጓዬን ዛሬም ነካሁት፤ ምንም የለም። ደም ሥሩ ይመለስ አይመለስ ዶክተሯም አላወቀችም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ለምርመራ ደም እሰጣለሁ።

ጠዋት ክኒኑን ሙሉውን ዋጥኩ። ምላጩን ለአያ ደሴ ሰጠሁት፣ የጆንያ ስፌት ይፍታበት።