የነፈግኩህ ውሃ

ውድ ባለቤቴ ጌታሁን፣

ከተለየኸኝ ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እኔም ልጃችንም ደህና ነን፤ ያላንተ ደህና መሆን ካለ። ፍሬሕይወት ዳባት ተመድባ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ትመጣለች።

ቧንቧ ግቢያችን ገባልህ። ዕድሜህን ሙሉ ስትመኘው የኖርከው ውሃ አንተ በሄድክ በስድስተኛው ወር መጣ። የተከፈተ ቀን ጎረቤቱ እልል ሲል እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የጓዳዋን መስኮት በጥቁር ጨርቅ ደፍነህ፣ ቀይ አምፖል ሰቅለህ የፎቶ ማጠቢያ ስታደርጋት ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ያህል ውሃ እንደምትጨርስ ማን ነገረኝ! ፎቶ ከኬሚካሉ ከወጣ በኋላ ውሃ እየተለወጠለት ደጋግሞ ካልተለቀለቀ ውሎ አድሮ ይበላሻል ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቦኖ ወረፋ ጠብቄ የቀዳሁትን፣ በበጋም በአህያ ከሚያመጡት የገዛሁትን ውሃ ስትደፋው ሳይ አንጀቴ ያርር ነበር። አንዴማ እንዳይባክን ብዬ እጣቢውን ጌሾዬን ባጠጣው በሳምንቱ ደርቆ ቀረ። አንተ እንባህ እስኪወርድ ሳቅክ፤ እኔ አኩርፌ ሁለት ቀን አላናገርኩህም።

በመጨረሻ ፈረድኩ። የደንበኛ ፎቶ እንደፈለግክ ይለቅለቅ፣ የቤታችን ግን ሁለት ውሃ ይበቃዋል አልኩህ። አልተከራከርከኝም። የሰው ፎቶ አደራ ነው ብለህ የእኛን አሳጠርክ።

ለሙት ዓመትህ ድንኳን ፎቶህን ላወጣ አልበሙን ከፈትኩ። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ፣ ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠህ፣ ሮጠህ መጥተህ ልጃችንን አቅፈህ የተነሳኸውን ፈለግኩ። ቡኒ ሆኗል። ኮትህ ይታያል፣ ዓይንህ አይታይም። ኔጋቲቩንም ጣሪያው ያፈሰሰ ክረምት አበላሽቶታል። ጎረቤታችን እትዬ ዓለምነሽ በዚያው ሰሞን ያነሳህላትን የሟች ባሏን ጉርድ ፎቶ አምጥታ አሳየችኝ። ዛሬ የታጠበ ይመስላል። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ፊትህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ጌታሁን።

ባለፈው ሳምንት የፎቶ ማጠቢያ ጓዳህን ሳጸዳ፣ ከካርቶኖቹ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ አገኘሁ። እኔ ነኝ። ቦኖው ጋ ጀሪካኔ ላይ ተቀምጬ፣ ወረፋው አንገሽግሾኝ፣ ፊቴን ቋጥሬ። መቼ እንዳነሳኸኝ አላውቅም። ቢጫ የሚባል ነገር አልነካውም፤ የነጠላዬ ጥለት ሳይቀር ይቆጠራል።

ያኔ አንድ ቀን ትዝ አለኝ። ጀሪካን በትከሻህ ተሸክመህ ከወንዝ መጣህ፤ የአንድ ደንበኛ ፎቶ አለብኝ አልከኝ። ወንድ ልጅ ውሃ ተሸክሞ በገበያ መሃል ያልፋል ወይ፣ የሰው መሳቂያ አደረግከኝ ብዬ ጮህኩብህ። አንተ ጓዳህ ገብተህ በሩን ዘጋህ። ለካ ደንበኛዋ እኔ ነበርኩ።

ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ ሰቅያቸዋለሁ። ፍሬሕይወት ያንተ እንዲህ ከደበዘዘ ለምን እንደማላወርደው ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ጩኸቴን ጭምር። ስትስቅ ግራ ዓይንህ ጠበብ እንደሚል፣ ቀኝ ቅንድብህ ላይ ጠባሳ እንዳለም ነገርኳት። በመጣች ቁጥር እነግራታለሁ፤ እኔ ሳልፍ እሷ እንድታውቀው።

ውሃውን ስለነፈግኩህ ይቅር በለኝ። ወረቀቱ ቢረሳህ እኔ አልረሳህም።

ያንተዋ ወርቅነሽ
ከደባርቅ