የተሸጥሁባት ተራ

ሰኞ፣ የካቲት 2 ቀን 1990 ዓ.ም.

«ቅዳሜ ስትሮጥ እንዳትሮጥ» አለኝ ጌትነት። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ነገሩን እንደ ገባኝ አድርጌ ልጻፈው። እዚህ አሜሪካ፣ በምንኖርበት አካባቢ የአውስትራሊያን ኳስ የሚጫወቱ ሦስት ክለቦች አሉ፤ የሪቻርድሰን፣ የዴንተንና ዓምና የተቋቋመው የዋይሊ ክለብ ናቸው። ኳሷ ሞላላ ናት። በእግር ትመታለች፣ በእጅም ትያዛለች፤ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠላጥሎ ከአየር ላይ መቅለብም ይፈቀዳል። ጌትነት ለሪቻርድሰን ይሰለፋል፤ አሠልጣኙንም ተጫዋች በመምረጥ ያግዘዋል። እኔ ዓመቱን ሙሉ ከእነሱ ጋር ስለማመድ ከረምሁ እንጂ የማንም ተጫዋች አይደለሁም። አዲስ ሰው በድራፍት ካልተመረጠ አይሰለፍም ይላል ደንቡ። ድራፍት የሚሉት ክለቦቹ በአንድ ቀን ተሰብስበው አዳዲሶቹን ተራ በተራ የሚወስዱበትን ሥርዓት ነው። ዓምና በውጤት መጨረሻ የሆነው ክለብ አስቀድሞ ይመርጣል። ስለዚህ አንደኛው ተራ የዋይሊ፣ ሁለተኛው የዴንተን፣ ሦስተኛው የሪቻርድሰን ነው።

«ሁለቱ ከእኛ በፊት ይመርጣሉ» አለኝ። «ቅዳሜ ሦስቱም ክለቦች አዳዲሶቹን በሚፈትኑበት ጊዜ ሩጫህን ካዩ አንዳቸው ይወስዱሃል። ካላዩ ግን ሦስተኛው ላይ እኛ እንወስድሃለን። ስትራቴጂ ነው፣ ኦኬ? ሁሉም ያደርገዋል።»

«ውሸት አይሆንም?»

«ቀስ ብሎ መሮጥ ውሸት ነው እንዴ? አንተ ደግሞ!»

መኪና የለኝም። የሪቻርድሰን ሜዳ ከቤታችን በእግር ይደረሳል፤ ወደ ዋይሊና ወደ ዴንተን ግን አውቶቡስ እንኳ አይሄድም። ዋይሊ ወይም ዴንተን ከወሰደኝ ዘንድሮ አልጫወትም ማለት ነው። በምሠራበት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር የምውለው የልምምዱን ቀን፣ እሑድን እያሰብሁ ነው። ስሜን ሰው ጮክ ብሎ የሚጠራው እሑድ ብቻ ነው።

ጌትነት ኬንያ የስደተኞች ካምፕ ሳለን ብርድ ልብሱን ያካፈለኝ ሰው ነው። እዚህም የተቀበለኝ እሱ ነው። የጨዋታው ደንብ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነና እኔም ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ስላቆምሁ፣ ደንቡን የማውቀው ከእሱ አፍ ነው። እሺ አልሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

የሚያስጨንቁኝ ነገሮች፦

እግሬ ትእዛዝ ባይቀበልና ሳላስበው ቢሮጥ።
ሰው ቢያውቅብኝ።
ሪቻርድሰንም ቢረሳኝ።

ሦስተኛውን ለጌትነት ነገርሁት። «እኔ እያለሁ?» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ትንሽ ቀለለኝ።

ከሥራ ስመለስ ከታች ቤት የሚኖሩትን ጋሽ በለጠን ደረጃው ሥር አገኘኋቸው፤ ታክሲያቸውን ያጥቡ ነበር። በዚህ ግቢ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ኳሷን በክንዴ ሥር አዩና «ዛሬም ይህችን ፓፓያ ይዘህ ትዞራለህ?» አሉኝ። ቅዳሜ ሳምንት ድራፍት እንዳለብኝ ስነግራቸው «እኔ የማውቀው ድራፍት በብርጭቆ ነው የሚቀርበው» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የምሠራውን ግን አልነገርኋቸውም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

አደረግሁት።

ቀስ ብሎ መሮጥ ከመሮጥ ይልቅ ያደክማል። ጉልበቴን አስሬ፣ ትንፋሼን አስረዝሜ፣ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ኋላ ገባሁ። ኳስ ሲወረወርልኝ ሁለት ጊዜ ከእጄ ለቀቅሁ። ሁለተኛዋን ስለቅቅ ከዴንተን ሰዎች አንዱ ወደ ጓደኛው ዞሮ ሳቀ። ሳቁ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

የዋይሊው አሠልጣኝ ኪት ይባላል፤ ሽበታም፣ ቀይ ፊት፣ ዝምተኛ አውስትራሊያዊ ነው። ወደ እኔ መጥቶ እግሬን አሞኝ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። «ትንሽ» አልሁት። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልሁ።

የሰው ሁሉ ዓይን የነበረው ቶድ በሚባል አሜሪካዊ ላይ ነው። ቅርጫት ኳስ የተጫወተ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ልጅ ነው። ሲዘል ሰዉ ሁሉ ያፏጫል። እኔም እንደዚያ እዘላለሁ። ዛሬ ግን አልዘለልሁም።

ጌትነት ከሜዳው ዳር ሆኖ ጠቀሰኝ። ስንመለስ «ጎበዝ! ተዋናይ ነህ እኮ!» አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ታላቅ ዜና! ሪቻርድሰንና ዋይሊ ተራቸውን ተለዋወጡ። እስከ ድራፍቱ ቀን ድረስ ክለቦች ተራቸውን ትሬድ ማድረግ ይችላሉ። አሁን አንደኛው ተራ የእኛ ነው፤ ዋይሊ ወደ ሦስተኛ ወርዷል።

ይህን የሰማሁት ከሌላ ተጫዋች ነው። ሮጬ ቤት ገባሁና (ዛሬስ በእውነት ሮጥሁ) ለጌትነት «እንግዲያ መደበቁ ቀርቷል! መጀመሪያውኑ ትወስዱኛላችሁ!» አልሁት።

እሱ ሽንኩርት ይከትፍ ነበር። «ሶ… እናያለን» አለ።

«ዋይሊዎች ግን አንደኛነታቸውን ለምን ሰጡ?»

«አዲሶች ናቸው፤ የዋሆች ናቸው።»

ከሽንኩርቱ ቀና አላለም። እኔም ዓይኑን አቃጥሎት ነው ብዬ ተውሁት። ወርጄ ለጋሽ በለጠ አበሠርኋቸው፤ እሳቸውም ምኑም ሳይገባቸው መረቁኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ሥርዓቱ የተካሄደው በአንድ ሥጋ ቤት ጓሮ፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር። የሪቻርድሰኑ አሠልጣኝ ብራያን መጀመሪያ ተነሣ። እኔ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥሁ፤ ሸሚዜንም ወደ ሱሪዬ ከተትሁ። «ቶድ» አለ። ጭብጨባ ሆነ። ግድ የለም፣ ሁለተኛ ዙር አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዴንተን አንድ ተማሪ ወሰደ። ከዚያ ኪት ተነሣና ከኪሱ መነጽሩን አውጥቶ «ዴምሶ» አለ።

ደምሰው ማለቱ ነው። እኔን ማለቱ ነው።

ሰዎች አጨበጨቡ። የዴንተኑ ሰውዬ እንደገና ሳቀ። ኪት ቢጫ ማሊያ ይዞልኝ መጣና እጄን ጨበጠ። ተሳስቷል ብዬ «እኔ እኮ ሯጭ አይደለሁም» አልሁት፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የጌትነትን ምሥጢር እጠብቅ ነበር! ኪት ፈገግ አለ። የተናገረው ሁሉ ባይገባኝም ይህን ያህል ገብቶኛል፦ «ጓደኛህ ከፈተናው በፊት ነግሮኛል። ከሁሉም ፈጣኑ አንተ ነህ፤ ዴንተን ግን አያውቅም። ስለዚህ ሦስተኛው ላይ እንደማገኝህ እርግጠኛ ሆኜ፣ ለወሬው ዋጋ አንደኛዬን ሰጠኋቸው።»

ከፈተናው በፊት።

እንግዲህ የተደበቅሁት ለሪቻርድሰን አልነበረም። የተደበቅሁት ዴንተን እንዳይወስደኝና ዋይሊ በሦስተኛ ተራ እንዲያገኘኝ ነው። የእኔን እግር ለዋይሊ ሰጥተው ቶድን የሚያመጣላቸውን ተራ ተቀበሉ። ገበያ ላይ የቀረብሁት እኔ፣ ዋጋዬ እንዳይሰማ አፌን የያዝሁትም እኔ!

ብራያን ቶድን አቅፎ ፎቶ ይነሣ ነበር። ጌትነት ከኋላቸው ቆሞ አየኝና ሶዳውን መጠጣት ጀመረ።

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፦ ሌላ መመለሻ ስላልነበረኝ ከእሱ ጋር በአንድ መኪና ተመለስሁ። ማሊያው ጭኔ ላይ ነበር።

«ፐርሰናል አታድርገው» አለኝ። «ማለቴ፣ ቢዝነስ ነው። ብራያን ቶድን ካላገኘን አለኝ። እምቢ ብል ከመራጭነት ያወጣኛል።»

ማሊያውን እያጣጠፍሁ ቤት ደረስን። 

እሑድ፣ የካቲት 15

የቅበላ እሑድ። ጌትነት ሥጋ ገዝቶ ጠበሰ። እኔ ዳቦ በላሁ።

ከቀትር በኋላ ጋሽ በለጠ ሁለታችንንም አስጠሩን። ነገሬን ጠዋት ነግሬያቸው ነበር። «ጾም በቂም አይገባም» ብለው ሶፋው ላይ ግራና ቀኝ አስቀመጡን፤ እሳቸው መካከል ሆኑ።

«ይህን ልጅ ሸጥኸው ወይ?» አሉት።

«ኧረ ጋሼ! ትሬድ አደረግነው እንጂ አልሸጥነውም።»

«ልዩነቱን አስረዳኝ።»

ጌትነት ለማስረዳት ሞከረ። ስለ ተራ፣ ስለ ስትራቴጂ፣ ሁሉም ክለብ እንደሚያደርገው ነገራቸው። ጋሽ በለጠ በትዕግሥት ሰሙትና «እንግዲህ በቅሎ ሰጥተህ ፈረስ ተቀበልህ» አሉ። «ደህና። በቅሎው ግን ብርድ ልብስህን የለበሰ ነበር። ነገርኸው ወይ?»

«ብነግረው… ብነግረው እሺ አይልም ነበር።»

«እሱን ነው የምልህ!»

ጌትነት ሶፋው ላይ ወደ ፊት ተጠጋ። ቀጥሎ ያመጣው ሐሳብ ግን ይበልጥ አሳዘነኝ። ዋይሊን እምቢ ብዬ ዘንድሮ ከተቀመጥሁ፣ ለከርሞ ነጻ እሆናለሁ፤ ያን ጊዜ ሪቻርድሰን ይወስደኛል አለ። «በዚህ ጊዜ ቃሌ ነው» አለ።

«አሁንም ተደበቅ ነው የምትለው?» አልሁት። ከትናንት ጀምሮ ለእሱ የተናገርሁት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ድምፄ ከእኔ የወጣ አልመሰለኝም።

ጋሽ በለጠ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ አንተ የምትፈልገው ምንድን ነው?»

«መጫወት።»

«የት?»

አሰብሁ። ትናንት ቢጠይቁኝ ሪቻርድሰን እል ነበር። «የወሰደኝ ጋ» አልሁ።

«እንግዲያ ካሳው ይኸው ነው» አሉ። «አንተ ጌትነት፣ የሸጥህበት ድረስ ታደርሰዋለህ። ልምምድ ባለ ቁጥር፣ ጨዋታ ባለ ቁጥር፣ ዓመቱ እስኪያልቅ። ታደርሰዋለህ፣ ትጠብቀዋለህ፣ ትመልሰዋለህ።»

«ጋሼ፣ ዋይሊ እኮ ሩቅ ነው! የእኔስ ልምምድ?»

«ርቀቱን ስትሸጠው አላየኸውም?»

ሰው በማይስቅበት ሰዓት ሳቅ መጣብኝ፤ ዋጥሁት። ጌትነት ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ በሥርዓቱ እኔንም ሳመኝ። ጉንጬን ሰጠሁት። ልቤን መስጠቴን ግን እንጃ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

በጾሙ ሁለተኛ ቀን ይህን ታዘብሁ፦ የተከዳ ሰውም ይርበዋል። ጌትነት ሽሮ ሠርቶ ግማሹን በድስቱ ውስጥ ትቶልኝ ወጣ። ላለመብላት ምዬ ነበር። በላሁ። ጨው አንሶት ነበር፤ ይህን ለራሴ እንደ ድል ቆጠርሁት።

የምንነጋገረው ይህን ብቻ ነው፦ «መጸዳጃ ቤት ሰው አለ?» «የለም።»

ደጋግሜ የማስበው አንድ ነገር አለ። ቶድን ለመውሰድ ፈልገው ቢነግሩኝ ኖሮ ምን እል ነበር? ምናልባት እሺ። ለጌትነት ብዬ እሺ እል ነበር። የሚያንገበግበኝ ይህን አለማወቁ ነው፤ ወይም አውቆ ሳይጠይቀኝ መቅረቱ።

እሑድ፣ የካቲት 22

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጌትነት በቃሉ መሠረት ዋይሊ አደረሰኝ። በመንገድ ላይ ሬዲዮ ከፈተ፤ ዘጋ፤ እንደገና ከፈተ። ገና የሚሠሩ ቤቶችን አልፈን ሜዳው ዘንድ ደረስን። ከአጥሩ ጎን ፓርክ አደረገና ሞተሩን አጠፋ። «እዚሁ ነኝ» አለ።

ኪት ለሌሎቹ አስተዋወቀኝ። «ከእኛ በቀር ሁሉንም ያታለለ ልጅ ይህ ነው» ሲላቸው ሳቁ። ፊቴ ጋለ። ያታለልሁትን ለማጥፋት አንድ መንገድ ብቻ ነበረኝ። ፊሽካው ሲነፋ ጉልበቴን ፈታሁት። ስንት ሳምንት ታስሮ እንደ ነበር ያወቅሁት ዛሬ ነው። ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ዞር ስል ከኋላዬ ያለው ሰው ገና ከመሐል ሜዳ አልደረሰም። ኳስ ወደ ላይ ስትላክ ዘለልሁ፤ በአንድ ወፍራም ተከላካይ ትከሻ ላይ ጉልበቴን አሳርፌ ያዝኋት። «ዴምሶ!» እያሉ ጮኹ። ስሜን ማስተካከል ይኖርብኛል፤ ዛሬ ግን አላስተካከልሁም።

ልምምዱ ሲያልቅ ኪት ለብቻዬ ጠራኝ። የመጀመሪያው ግጥሚያችን ከሪቻርድሰን ጋር ነው። «ያ ጓደኛህ» አለኝ በአገጩ ወደ መኪናው እያመለከተ፣ «ከእሱ ጋር ስንት ጊዜ ተለማምደሃል። ድክመቱ ምንድን ነው?»

አውቀዋለሁ። ጌትነት በግራ እግሩ ኳስ መምታት አይችልም፤ ወደ ግራ ከገፉት ይጠፋዋል። ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም፤ በቀኙ እየዞረ ይደብቀዋልና። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ጣፋጭ ነበር፣ አልዋሽም።

«ሜዳ ላይ ታየዋለህ» አልሁት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። ኪት ያን ረጅም አስተያየቱን አየኝ። ዛሬ ዓይኔን መሬት ላይ አልጣልሁም። እስከ ግጥሚያው ገና ሦስት ልምምድ አለ፤ በእያንዳንዱም ይጠይቀኝ ይሆናል። እኔም በየጊዜው ዝም እንደምል እርግጠኛ አይደለሁም።

መኪናው ውስጥ ስገባ ጌትነት ቁልፉን ያዘ እንጂ ሞተሩን አላስነሣም።

«ወደ እኔ ሲጠቁም አየሁት። ምን አለህ?»

«ስለ አንተ ጠየቀኝ።»

«ስለ እኔ ምን?»

«ድክመትህን።»

ፊቱ እንደ ጨርቅ ተጨማደደ። በሕይወቴ ጌትነት ሲፈራ ያየሁት ይህ የመጀመሪያው ነው። ቀኝ እግሩን ከፔዳሉ ላይ አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠ።

«ምን አልኸው? ደምሰው? ምን አልኸው?»

የመቀመጫ ቀበቶዬን አሰርሁ።

«ንዳ» አልሁት።