አንድ ዓይን በሦስት መሣሪያ

የካቲት 9 ቀን

ለሩቋ ልጄ፣ ለመጨረሻዋ፣

ሰማንያ አንድ ዓመቴን ደፈንኩ። ጎማ አሁንም ራሴ አወልቃለሁ፣ ልብሴን አጥባለሁ፣ ደረጃ ሳልደገፍ እወርዳለሁ። ይህንንም ማንም ሳያግዘኝ ነው የጻፍኩት። በግራ በኩል መስመሩ ከወረቀቱ ካመለጠ ዝም ብለሽ አንብቢ።

ነገሩ የዓይን ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት እናትሽ ስትነዘንዘኝ ተመርምሬ አልነበር? ዓይን ላይ ነፋስ እፍ የሚለው መሣሪያ ግፊቱን አሥራ አራት አለ፣ ደህና ነው አሉኝ። ወረቀቱን ጎሚስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አንቺም "እኔስ ልመርመር?" ስትዪኝ "የእኔን ዓይን ይዘሽ ምን ትሆኛለሽ" አልኩሽ። እናትሽ ግን "አንተ ሰውዬ፣ ደህና ዓይን በርሜል ይገጫል እንዴ?" አለች። ሳቅኩባት።

ባለፈው ሳምንት በር መትቶኝ ግንባሬ ሲያብጥ አንዲት ወጣት የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በነፋሱ አሥራ አራት። በጠብታና በሰማያዊ መብራት አሥራ ሰባት። ጫፉ እንደ ዓይን ቅርጽ ጎድጎድ ባለው በሦስተኛው ሃያ አምስት! ከሃያ አንድ ካለፈ የዓይን ነርቭ ይጎዳል አለችኝ።

"መሣሪያሽ ተበላሽቷል!" ብዬ ጮህኩባት።

"አባባ፣ መሣሪያው ምን አደረገ? የዓይንዎ የፊት መስታወት ጠፍጣፋና ስስ ነው። ሲገፉት ቶሎ እሺ ይላል፤ የውስጡን ውጥረት ይደብቃል።"

አፈርኩ። ስስ ጎማ ሞልቶም በአውራ ጣት ሲጫኑት ለስላሳ እንደሚመስል ለስንት ሹፌር ነግሬያለሁ! በግራ በኩል የሄደው እይታ አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንይዛለን ብላለች።

አመሻሽ ላይ ጎሚስታ ቤቱን ዘግተን ስንመለስ፣ እናትሽ ሁልጊዜ በግራዬ ነበር የምትሄደው። ክንዴን ይዛ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወራች፣ ብስክሌት ሲመጣ ወደ ራሷ ሳብ ታደርገኛለች። "ሰው ያየናል" ስላት "ይየና! ያረጀ ባል አይያዝም ያለው ማነው?" ትለኝ ነበር። ፍቅር በእርጅና የባሰባት መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። ለካ እየመራችኝ ኖሯል። አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት "አያይም" አላለችም።

ልጄ፣ ያኔ የነገርኩሽ ስህተት ነው። ይህቺን ቃል ሦስቴ ሰርዤ ነው የጻፍኳት። ዛሬውኑ ሂጂ። በነፋሱ ብቻ ለክተው ደህና ነሽ ካሉሽ ከወንበሩ እንዳትነሺ፤ "ቅርጹንና ውፍረቱን እዩልኝ፣ በሌላም ድገሙልኝ" በያቸው።

ዓይንሽ ሩቅ ይይ፣ እግርሽ እንቅፋት አይንካው።

ወንድምሽን እንዳትልኪብኝ፤ ያለብኝን የይቅርታ ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ። ለሐኪሟ፣ ለጩኸቴ ይቅርታ። ለጎረቤቴ ለጸጉር አስተካካዩ፣ ሰላምታ ነሳኝ ብዬ ሁለት ዓመት ላኮረፍኩት፣ ለካ በግራዬ እጁን እያነሳልኝ ነበር፤ ይቅርታ። ለእናትሽ፣ መቃብሯ ዘንድ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፦ ልክ ነበርሽ።

አባትሽ